እትዬ ጽዱ የወለወለቻቸው ሳንቲሞች

እኔ ሰው ቶሎ አላደንቅም። ሙያዬም አይፈቅድልኝም። ሰው ደረቱን ነፍቶ «ይሄ እኮ እውነተኛ ነው» ሲለኝ «በምን ታወቀ?» ማለት ነው ሥራዬ። የምሠራበት ቢሮ ውድ ዕቃ በመያዣ ይዞ የሚያበድር የግል ድርጅት ነው። ባንክ የቤት ካርታ እንደሚይዘው ሁሉ እኛ የእጅ ሰዓት፣ ሥዕል፣ ቫዮሊን፣ የጥንት ሳንቲም፣ አንዳንዴም ዋጋው ከመኪና የሚበልጥ የሴት ቦርሳ እንይዛለን። ተበዳሪው ሲከፍል ዕቃውን ይወስዳል፤ ካልከፈለ ይሸጣል። ዕቃውን መርምሬ ዋጋ የምገምተው እኔ ነኝ። ባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ የምትጠብቀው ደግሞ እትዬ ጽዱ ነበረች።

ስሟ ሌላ ነው፤ ጽዱ ያልናት እኛ ነን። ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ የአንሶላ ክፍል ኃላፊ ነበረች። ቁንጫ የምታህል ነጠብጣብ በር ላይ ቆማ ታያለች ይባልላት ነበር። እናቷ ሲሞቱ አራት ታናናሾቿን ያሳደገችው በዚያ አንሶላ ነው። የመጨረሻውን ወንድሟን ድራ ስትጨርስ ራሷን የምትድርበት ጊዜ እንዳለፈ እየሳቀች ታወራ ነበር። ሆቴሉ ተሸጦ ሠራተኛው ሲበተን፣ አለቃችን «ንጹሕ እጅ ያላት ሴት ናት» ብሎ አመጣት። እኔ አኩርፌ ነበር። ዕቃ ቤት የሚጠብቅ ሰው የጥንት ዕቃ የሚያውቅ መሆን አለበት ባይ ነበርኩ።

ዕቃ ቤቱ ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ በሩ ብረት ነው፤ ግድግዳው ላይ እርጥበት የሚለካ መሣሪያ ተሰቅሏል። እሷ በገባች በሳምንቱ ሌላ ክፍል መሰለ። ቦርሳዎቹ እንዳይጨማደዱ ሆዳቸውን በነጭ ወረቀት ሞላችው። ሰዓቶቹን በየጠዋቱ ጠመዘዘቻቸው፤ «ሥራ የፈታ ነገር ይታመማል» ትላለች። አንድ ቀን የአንድ ሽማግሌ ምስል ያለበትን ሥዕል ወደ ግድግዳ አዙሬ ባስቀምጠው፣ «ሰውዬው ምን አጠፉና ነው ፊታቸውን የምታዞረው?» አለችኝ። መልሼ አዞርኩት።

ከሁሉም በላይ ግን ሰው አቀባበሏ ነው። የአባቱን ሰዓት ከእጁ የሚያወልቅ ሰው አንጓው ላይ ነጣ ያለ መስመር ይቀራል። ሌላው ሰው እሱን ሲያይ ባለዕቃው መግቢያ ይጠፋዋል። እሷ አይታ እንዳላየች ትሆንና ዕቃውን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ «ለጊዜው እኔ ጋ ይቆያል» ትላለች። ይህችን «ለጊዜው» ሰምተው ቀና ብለው የወጡ ስንቶቹን በዓይኔ አይቻለሁ። ደሞዟ ከእኔ ሲሶ አይሞላም። ከዚያችው ላይ እየቆጠበች የራሷን ልብስ ማጠቢያ ቤት ልትከፍት አስባ ነበር። ክፍሉን አይታ፣ ዋጋ ተነጋግራ፣ ለሁለት ትልልቅ ማሽኖች መግዣ የቀራት ጥቂት ወር ነበር።

ነገር የመጣው በቀያሹ ሳንቲሞች ነው። ቀያሹ ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲለካ ኖሮ ጡረታ የወጣ ቀጭን ሰው ነው። ሴት ልጁ የጥርስ ሐኪም ሆና ክሊኒክ ልትከፍት ስትል፣ አባቱ ትተውለት ያለፉትን ስልሳ ሦስት የብር ሳንቲሞች አምጥቶ ለአንድ ዓመት ተበደረባቸው። ሳንቲሞቹ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆሩ ነበሩ። እኔ ግን ሳያቸው ልቤ ዘለለ። ሰብሳቢ ሰው ዋጋ የሚሰጠው ለዚያ ጥቁረት ነው። መቶ ዓመት ቀስ ብሎ የሠራው ቀለም አንዴ ከተፋቀ፣ የቀረው ተራ ብር ነው።

እትዬ ጽዱ ይህን ከየት ታውቃለች? የሰው ንብረት እንዲያ ጠቁሮ መመለሱ አሳፈራት። ውሉ ሊያበቃ አንድ ወር ሲቀረው፣ በምሳ ሰዓቷ እየተቀመጠች፣ በለስላሳ ጨርቅና በማጽጃ ዱቄት፣ አንድ በአንድ ወለወለቻቸው። ለአንዱ ሳንቲም ሃያ ደቂቃ ፈጅታለች።

ርክክቡ ሳምንት ሲቀረው ላያቸው ወረድኩ። ሣጥኑ ሲከፈት እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሰውዬው ደስ አይላቸውም?» አለችኝ።

ነገርኳት። ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ከዋጋቸው ግማሹ እንኳ እንዳልቀረ ስነግራት አላለቀሰችም። በእጇ የነበረውን ጨርቅ አራት ቦታ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የሚመለስበት መንገድ አለ?»

«የለም፣ እትዬ።»

አለቃችን ሲሰማ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ከዚያ አሰበ፤ ከዚያ ፈገግ አለ። «ሰውዬው ሰብሳቢ አይደለም። ሲያብረቀርቁ ካየ ደስ ብሎት ይፈርማል። ዝም አይነቅዝም» አለ። ወደ እሷ ዞሮም፣ «ከተናገርሽ ግን ኪሳራው ከደሞዝሽ ነው» አላት። እኔ ጣሪያውን አያለሁ።

በቀጠሮው ቀን ቀያሹ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። የቀረበትን ከፍሎ ጨረሰ። ሣጥኑን ሲከፍት ፊቱ በራ።

«አባቴ እንዲህ የሚያምር ነገር እንደተዉልኝ አላውቅም ነበር» አለ። አለቃችን እስክሪብቶ አቀበለው። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊነካ ሲል እትዬ ጽዱ እጇን ፊርማው ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ጌታዬ፣ ከመፈረምዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት። እነዚህን ሳንቲሞች እኔ አበላሽቻቸዋለሁ።»

ከዚያ አንዳች ሳታስቀር ነገረችው። ስንት ቀን እንደወለወለች፣ በምን እንደወለወለች፣ ምን ያህል ዋጋ እንደወረደ። ቀያሹ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ሳልጠይቅሽ ለምን ነካሽብኝ?»

«ቆሻሻ መስሎኝ ነው። አላዋቂነቴ ነው፣ ጌታዬ።»

አላመሰገናትም። እውነት የተነገረው ሰው ሁሉ ያመሰግናል ያለው ማነው? ሣጥኑን አንስቶ ወጣ፤ በሳምንቱ ሌላ ገማች አስገምቶ ካሣ ጠየቀ። ውሉ ግልጽ ስለነበር አለቃችን ከፈለ። ያንን ሁሉ ደግሞ ለሁለት ዓመት ከእትዬ ጽዱ ደሞዝ እንዲቆረጥ አዘዘ። በማግስቱ ለማጠቢያ ቤቱ ያየችውን ክፍል ሄዳ ለባለቤቱ «ለሌላ ሰው ይስጡት» ብላ መጣች። ከዚያ ወርዳ ሰዓቶቹን ጠመዘዘች።

አሁን የራሴን ልናገር። ዕቃ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ አብሮት ቅጽ ይወርዳል። ቅጹ ላይ «የአያያዝ ማሳሰቢያ» የሚል መስመር አለ፤ የሚሞላው ገማቹ ነው። ለቀያሹ ሳንቲሞች «አይወልወል» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። አልጻፍኩም። ምሳ ሰዓት ደርሶ ቸኩዬ ነበር፤ ደግሞስ ይህን የማያውቅ ማን አለ ብዬ። መስመሩ ባዶ ነው። አለቃችን ከቁጥር በቀር ወረቀት ስለማያነብ አላየውም።

አንድ ወር ሲቆረጥባት አየሁ። ሁለት። ሦስት። በየወሩ መጨረሻ ፖስታዋን ተቀብላ «እግዜር ይስጥልኝ» ስትል ምግብ አልበላ ይለኛል፤ ከዚያ ደግሞ ይበላልኛል፤ ሰው ክፉ ነው። በአራተኛው ወር ግን የፖስታዋን መቅጠን ሳይ ቅጹን ከመዝገብ አውጥቼ አለቃችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። «ይሄ ባዶ መስመር የእኔ ነው» አልኩት። ጮኸ፤ የሚገባኝን ሁሉ አለኝ። ሲበርድለት የቀረው ሁሉ ከእኔ ደሞዝ እንዲቆረጥ፣ ከእሷ የተቆረጠውም ከእኔ ኪስ እንዲመለስላት ወሰነ።

ገንዘቡን ይዤ ምድር ቤት ወረድኩ። እትዬ ጽዱ አንድ ቦርሳ ውስጥ ወረቀት እየጠቀጠቀች ነበር። የሆነውን እየተንተባተብኩ ነገርኳት። አልደነገጠችም። ቁም ሣጥኗን ከፍታ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የዚያው ቅጽ የእሷ ቅጂ ነበር።

«መስመሩ ባዶ መሆኑን መቼ አየሽ?» አልኳት።

«ወለሉ ላይ የተቀመጥክ ቀን።»

«ታዲያ ለአለቃው ለምን አላሳየሽውም? ማጠቢያ ቤትሽን እኮ ነው ያጣሽው፣ እትዬ።»

ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው።

«እኔ የራሴን ተናገርኩ። ያንተን ደግሞ አንተው ትናገራለህ ብዬ ጠበቅሁህ።»

«አራት ወር ሙሉ?»

«ብትቆይም እጠብቅህ ነበር» አለችኝና፣ ገንዘቡን ሳትቆጥር በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።