በሆሳዕና ጌም ቤት ተጋጣሚ ነበርኩ

በመጀመሪያው ቀን የጌም ቤቱ ባለቤት ጋሽ ላምቤቦ አንድ ጆይስቲክ እጄ ላይ አስቀመጡና «በል ተጫወት፤ ሥራህ ይኸው ነው» አሉኝ። ሚሊኒየሙ ሊገባ የተቃረበበት ሰሞን ነው። ቤቱ ከሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ ያለ፣ ሦስት ቴሌቪዥን የተደረደረበት የቆርቆሮ ቤት ነበር። እናቴ ሥራ ማግኘቴን ስነግራት ደስ አላት። የምን ሥራ እንደሆነ ስነግራት ደስታዋን መልሳ ወሰደችው።

ቤቱ ሦስት ዓይነት ሠራተኛ ነበረው። አንዱ በር ላይ ተቀምጦ ተራ ያስከብራል። ሌላው ማሽን ያጸዳል፣ ሲዲ ይቀይራል፣ መብራት ሲሄድ ጀነሬተር ያስነሳል። ሦስተኛው ተጋጣሚ ይባላል፤ ብቻውን ለመጣ ደንበኛ ባላጋራ የሚሆነው እሱ ነው። ኳስ የሚጫወት ሰው ከጓደኛው ጋር ይመጣል። ብቻውን የሚመጣው የድብድብ ጌም ወዳጅ ነው። እኔ የተቀጠርኩት ለዚህ ሰው ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት የመጣውን ሁሉ እየደበደብኩ ሸኘሁ። ከሰፈር ልጆች ማንም አይችለኝም ነበርና ለዚህ የቀጠሩኝ መሰለኝ። ጋሽ ላምቤቦ ጠሩኝ።

«ማርቆስ፣ ዛሬ እነማንን አሸነፍክ?»

«ሁሉንም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ነገ ማን ይመጣል?»

ሁልጊዜ የሚሸነፍ ደንበኛ ይቀራል፣ ሁልጊዜ የሚያሸንፍም ይሰለቸዋል አሉኝ። መሸነፍ ያለብህ ለጥቂት ነው፤ እሱም እንዳይነቃብህ። ቀላል መስሎኝ ነበር። በኋላ እንደገባኝ ግን ሰውን ማሸነፍ ጣት ብቻ ይፈልጋል። ለጥቂት ለመሸነፍ ሰውየው ቀጥሎ የሚያደርገውን ከራሱ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ስክሪኑን ማየት ቀነስኩና ሰዎቹን ማየት ጀመርኩ። ከሆመቾ የሚመጣ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ትልቁን እርግጫ ከመሰንዘሩ በፊት እግሩ የሲንጀር መርገጫ እንዳገኘ ሁሉ ወለሉን ይጫናል። አንድ የሂሳብ አስተማሪ ደግሞ ሁለት ጊዜ ዝቅ ካልኩለት በሦስተኛው በእርግጠኝነት ከታች ይመታል፤ ሂሳቡን የሠራው እሱ ይመስለዋል። የቦኖሻው በርበሬ ነጋዴ አልገዛም ብሎ እንደሚሄድ ገበያተኛ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከተከተልኩት ይመታኛል። ዝም ካልኩት ራሱ ይመለሳል።

ሥራውን ወደድኩት። ሰው ከፊቴ ሲቀመጥ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ በሌላ በምንም ነገር ያላገኘሁትን ደስታ ይሰጠኝ ነበር።

ከዚያ ከመንገዱ ማዶ አዲስ ጌም ቤት ተከፈተ። ማሽኑ አዲስ፣ ቴሌቪዥኑ ሰፊ ነው። ደንበኞቻችን አንድ በአንድ መንገዱን ተሻገሩ። እዚያ የሚሠራው ተጋጣሚ ሰሎሞን ይባል ነበር። አባቱ ከጎንደር መጥተው ዱራሜ የቀሩ አስተማሪ ናቸው፤ እሱም ተወልዶ ያደገው እዚያው ነው። ይባስ ብሎ ይህን ልጅ ያሸነፈ ሰው የለም ይባላል። ለጥቂት መሸነፍ የሚባል ነገርም አያውቅም፤ ሰው የሚጎርፈው እሱን የሚጥል ለመሆን ነው።

ጋሽ ላምቤቦ ባዶውን ቤት እያዩ «ማሽኑን ሸጬ ጫማ ላስገባበት ነው» አሉ። ደንበኞች ደግሞ ሁለቱ ተጋጣሚዎች ይግጠሙ እያሉ ይወተውቱ ነበር።

«ብታሸንፍ ሰው ይመለሳል» አሉኝ ጋሽ ላምቤቦ። «ጫማ መሸጥ ትችላለህ?»

«አልችልም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያውስ አሸንፍ።»

ከግጥሚያው በፊት እየተመላለስኩ ከማዶው ቤት ግድግዳ ተደግፌ ሰሎሞንን አየሁት። ክርኑ አይነቃነቅም። እግሩም እንደዚያው። ፊቱ የመታወቂያ ፎቶ ነው። ተስፋ ቆረጥኩ፤ የጫማ ቁጥር ማጥናት ልጀምር እንዴ ብዬ አስቤ ነበር።

አንድ ቀን ግን አንድ ቃል ጆሮዬ ገባ። የባላጋራው ሰው ስክሪኑ ላይ በወደቀ ቁጥር ሰሎሞን ቀስ ብሎ «እኔን!» ይላል። ሰው እንቅፋት ሲመታው፣ ሕፃን ሲወድቅ የሚባለው «እኔን» ነው። አማርኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች ሲባል አይሰሙትም፤ ሳያስቡት ይሉታል፣ ሳያስቡት ያልፉታል። እኛ ቤት የሚነገረው ሀዲይኛ ነው። አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ስለሆነ ቃሉ ያዘኝ። እያየሁ ቆየሁ። «እኔን» ሲል ጣቶቹ ይላላሉ። መልሶ እስኪጫን ድረስ የወደቀው ተነስቷል። ከእሱ ጋር የሚገጥሙ ሁሉ ግን ሲነሱ ደንግጠው ስለሚከላከሉ ያችን ቅጽበት አላገኟትም።

ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ እኛ ቤት ገጠምን። ሰው እስከ በሩ ሞልቷል። አንዱን ዙር እሱ፣ አንዱን እኔ ወሰድን። በመጨረሻው ዙር የእኔ ሰው ከሁለት ምት በላይ የሚችል አልነበረም፤ የእሱም ቢሆን ብዙ አይሻልም። ጋሽ ላምቤቦ ማየት አቅቷቸው ወደ ውጭ ወጥተዋል። ከተሳሳትኩ ቤቱም ሥራዬም አለቀ። መከላከሌን ለቀቅኩት። መታኝ፤ ወደቅኩ።

«እኔን!» አለ።

እየተነሳሁ መታሁት። እስኪወድቅ ድረስ አላቆምኩም።

ጩኸቱ ጋብ ሲል ሰሎሞን ወደ እኔ ዞረ።

«አውቀህ ነው የወደቅከው?»

«አውቄ ነው። ሰው ሲወድቅ እኔን ትላለህ፤ ያኔ ጣትህ ይላላል።»

«እላለሁ እንዴ?» አለ። ከኋላው የቆሙት ሳቁ፤ አንዳንዶቹ እየደጋገሙ «እኔን! እኔን!» አሉት።

ደንበኞቹ ተመለሱ፤ ጫማውም ቀረ። ጋሽ ላምቤቦ ክትፎ ጋበዙኝ፤ እሳቸው ሲጋብዙ ያየ ሰው ስላልነበረ ይህም በከተማው ለብቻው ወሬ ሆነ።

ከጊዜ በኋላ ሰሎሞን ብቻውን መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። «እስቲ እንጫወት» አለ። ጥቂት እንደሄድን እንደዚያን ቀን አውቄ ወደቅኩለትና ቃሉን ጠበቅኩ። ምንም አላለም። ገና ሳልነሳ መታኝ፣ ደገመኝ። ያን ቀን የተሸነፍኩት ለጥቂት አልነበረም፤ አውቄም አልነበረም።

«እኔን ማለት ተውክ?» አልኩት።

«ተውኩት። ስንት ቀን ከንፈሬን እየነከስኩ ተለማመድኩ።» ጆይስቲኩን አስቀመጠ። «ቅዳሜ ዱራሜ ሄጄ ሳለሁ እናቴን ደጃችን ላይ ጭቃ አንሸራተታት። ዝም ብዬ አየኋት። እስካሁን አላናገረችኝም።»

ይህን ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ሳቅ እምቢ አለኝ። አዘንኩ።

በዚያ ቤት ማሽኖቹ አርጅተው እስኪሸጡ ድረስ ሠራሁ። ዛሬ ጌም ቤት ለምትሠሩ የምለው ይህን ነው። የባላጋራችሁን ልማድ ካወቃችሁ ታሸንፉታላችሁ፤ ግን የምታሸንፉበት አንድ ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አጠገባችሁ የሚቀመጠው ሌላ ሰው ነው፤ እንደ አዲስ እዩት።