የጋደለው የዓሣ ገንዳ

ባለፈው ሳምንት ለለቅሶ ቦንጋ ሄጄ ያረፍኩበት ሆቴል እንግዳ መቀበያው አጠገብ ትልቅ የዓሣ ገንዳ አስቀምጧል። ሌላው ሰው ዓሣዎቹን ያያል፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ውሃው ከመስታወቱ ጠርዝ ጋር እኩል መሆኑን አየሁ። አስተናጋጇ ግራ ገብቷት "የጠፋብዎት ነገር አለ?" አለችኝ። "የለም የኔ ልጅ" ብያት አለፍኩ። ያ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በሐሳቤ ሲመላለስ ዋለ።

ነገሩ የሆነው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ያን ክረምት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እጠብቅ ነበር። የቦንጋ ዝናብ መቼ ጀመረ፣ መቼ አባራ አይባልም፤ ልብስ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ይሻግታል፣ ጨው በዕቃው ውስጥ ይረጥባል። ታላቅ ወንድሜ ታደለ ጅማ ይማርበት የነበረውን ዩኒቨርሲቲ ትቶ መጥቶ ነበር። ለምን ሲባል "አልሆነልኝም" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይወጣውም። አባቴ፣ ቁጥብ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ልጁ ከመጣ ጀምሮ አላናገረውም። እናቴ ደግሞ አራስ እህቷን ልትጠይቅ ቢታ ገነት ሄዳ መንገዱ በጭቃ ተበላሽቶ እዚያው ቀርታለች። እናም ሁለቱ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ።

"አስቴር፣ ወንድምሽን በሩን ዝጋ በይው።"

"ዘግቼዋለሁ በይልኝ።"

ይህ ሁሉ አንድ ገበታ ላይ ቀርበን፣ ከአንድ ሰሃን ቆጮ በጎመን እየበላን ነው። ስንት ጊዜ ሳልጠግብ ተነስቻለሁ!

ታደለ ሥራ ሲፈታ መስታወት አስቆርጦ፣ በሲሊከን አጣብቆ የዓሣ ገንዳ ሠራ። ትናንሽ ዓሣዎች ከጎጀብ ወንዝ በጀሪካን አመጣ። ማስቀመጫውንም ከተራረፈ የዋንዛ ጣውላ ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ ልጎ አቆመው። ሳሎን አስቀምጦ ውሃ ሲሞላው ግን ገንዳው ጋደለ፤ ውሃው በአንድ በኩል ሊፈስ ሲደርስ በሌላው በኩል ጎደሎ ሆነ። አባቴ ከወንበሩ ሳይነሳ አየውና "ንገሪው፤ የጀመረውን የማይጨርስ እጅ አራት እግር አያስተካክልም" አለኝ። ይህን መልእክት አላደረስኩም። ማድረስም አላስፈለገም፤ ታደለ እዚያው ቆሞ ነበር። ፊቱ ጠቆረ። ካርቶን አጣጥፎ ከአንዱ እግር ሥር ወተፈና ወጣ።

በማግስቱ ከሰዓት ታደለ ውሃ ሲጨምርበት ካርቶኑ ርሶ ላሸቀ። ማስቀመጫው ባንድ ጊዜ ወደ እሱ ዘመመ፤ ታደለ በደረቱ ደገፈው። አባቴ ያን ጊዜ ከሥራ መግባቱ ነበር፤ ዣንጥላውን ወርውሮ ሮጠና የገንዳውን ሌላ ጥግ ያዘ።

"ጎማ አምጪ!" አለኝ።

የጓሮውን የውሃ ጎማ ጎትቼ መጣሁ። አንዱን ጫፍ ውሃው ውስጥ ከትቼ ሌላውን በአፌ ሳብኩ፤ ትን አለኝና ለቀቅኩት። እንደገና ሳብኩ። ውሃው መጣ፣ ወደ ደጅ መፍሰስም ጀመረ፤ ግን አወራረዱ ቀስ ያለ ነበር። የገንዳው ጥግ "ጠቅ" ሲል ሦስታችንም ሰማን። ሲሊከኑ እየተሳበ ነው። አባቴና ወንድሜ በመስታወቱ ግራና ቀኝ ቆመው በውሃው ውስጥ ይተያያሉ፤ ዓሣዎቹ በሁለቱ ፊት መካከል ይራወጣሉ።

የአባቴ ጫማ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ሲንሸራተት አየሁ። ታደለም አየ።

"አባባ፣ እርስዎ ይልቀቁት! እኔ ይዤዋለሁ።"

"አልለቅም" አለ አባቴ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "ከለቀቅኩት አንተ ላይ ነው የሚወርደው።"

"አንተ" ነው ያለው። በእኔ በኩል አልነበረም።

ውሃው እስኪጎድል ይዘውት ቆሙ። ከዚያ ገንዳውን መሬት አሳረፉት። ታደለ ባዶውን ማስቀመጫ ብድግ አድርጎ፣ ሰባብሮ ሊጥለው ይመስለኛል፣ ግንበኛ ወዳነጠፈው በረንዳ አወጣው። እዚያ ሲያስቀምጠው ግን ንቅንቅ አላለም። አባቴ ተከትሎት ወጣ፤ በሁለት እጁ ተጭኖ ነቀነቀው። አራቱም እግሮች መሬቱን ረግጠዋል። ወደ ሳሎን ተመልሶ መዝመም አለመዝመሙን የሚያሳየውን ውሃ ልክ ወለሉ ላይ አስቀመጠ፤ አረፋዋ ወደ አንድ ዳር ሸሸች።

ሳሎኑን ሲሚንቶ ያፈሰሰው እናቴን ሲያገባ ራሱ አባቴ ነበር፤ ለእንግዳ ሁሉ የሚያወራው ሙያው ነው። እስካሁን ማን በውሃ ልክ ለካው? ተንበርክኮ ወለሉን በመዳፉ ዳበሰ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

"የእኔ ወለል ነው የዘመመው" አለ በመጨረሻ። "አንተ ልክ ሠርተሃል። መላጊያውን አምጣና ከእግሩ ሥር የሚገባ ሽብልቅ እናብጅለት።"

ታደለ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ መላጊያውን ሊያመጣ ሄደ።

ታደለ ትምህርቱን አልቀጠለም፤ አባቴም እስኪሞት ድረስ በዚህ እንደተቆጨ ነው የኖረው። ቁጭቱን ግን ለራሱ ለታደለ ይነግረው ነበር፤ ሲጨቃጨቁ ከጓዳ እሰማና ደስ ይለኝ ነበር። ወንድሜ ዛሬ ዋጫ ከተማ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ከሆቴሉ ደወልኩለትና ያን ቀን አባባ ያለውን ታስታውሳለህ ወይ አልኩት። ያሰብኩት ስለ ወለሉ የተናገረውን ነበር።

"'አልለቅም' ያለውን ነዋ" አለኝ።