እጇን የፈራች ምራት

ጎረቤቴን ጭምቷ እንላታለን። በቤቷ የፊት ክፍል ፀጉር ትሠራለች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ስኳር በሽታ አልጋ ላይ የጣላቸው አማቷ ተኝተዋል። ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፣ ቤት አይገኝም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊን የምትወጋቸው እሷ ናት። ሴትዮዋ ደግሞ «መካን» እያሉ በሰው ፊት አንገቷን ሲያስደፏት የኖሩ፣ ልጃቸውንም ፍታት ብለው ወጥረው የያዙ ናቸው። እኔ ብሆን እንኳን መርፌ፣ ውሃም አላቀብላቸው።

አንድ ቀን ቤቴ መጣች። መድኃኒቱን ስትቀዳ «ትንሽ ባበዛው ማን ያውቃል?» የሚል ሐሳብ መጣባት። አላደረገችውም፤ ግን የገዛ እጇን ፈራች። ቄሱ ዘንድ ሄዳ፣ ጌታ ሲፈተን መበደል ይችል ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። እሳቸውም ራቡም ፈተናውም የእውነት ነበር፣ ኃጢአት መሥራት ግን አይችልም፣ ያንቺም ሐሳብ ስለመጣ ብቻ በደል አይሆንም ብለው ሸኟት። አልተጽናናችም።

«እሱ አይችልማ» አለችኝ። «እኔ ግን እችላለሁ።»

ከዚያ በየጠዋቱ አጠገቧ እንድቆም ለመነችኝ። እኔ የማውቀው የልብስ መርፌ ነው፤ ቢሆንም ስፌቴን ጥዬ፣ መነጽሬን አድርጌ ልኩን አይላት ጀመር። አማትየው «ይቺ ደግሞ ምን ጎልቷታል?» እያሉ ያጉረመርማሉ።

አንድ ጠዋት ልጄ አተኩሷት ሐኪም ቤት ቆየሁ። እሷ ቤት ስደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ፀጉር ልትሠራ የመጣች አንዲት ደንበኛዋ ፀጉሯ እንደረጠበ ብቻዋን ተቀምጣለች። በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ፣ ጭምቷ መሬት ላይ ኩርምት ብላለች፤ መድኃኒቱ አልተነካም። አሮጊቷ አፋቸው ደርቆ ውሃ ውሃ ይላሉ። ልገባ ስል አሮጊቷ ተናገሩ።

«ጎረቤትሽን ለምን እንደምትጠሪ አውቃለሁ። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን አበዛው ነበር። ነይ ውጊኝ፣ ልጄ።»

ልጄ ብለዋት አያውቁም።

ተነስታ ቀዳች። መግባት ነበረብኝ፣ ቃሌን ሰጥቻታለሁ። ግን ዛሬም ከቆምኩላት ዕድሜዋን ሙሉ እጇን እንደፈራች ትቀራለች ብዬ መጋረጃውን ሳልነካ ቀረሁ። ስንት እንደቀዳች አላየሁም። ወጋቻቸው፤ አሮጊቷም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፊታቸውን ትክ ብላ ታይ ጀመር። እኔም ከውጭ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ደንበኛዋ ታክቷት ወጥታ ሄደች።

በመጨረሻ አሮጊቷ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ትራሴን አስተካክይልኝ፣ አንቺ ዘገምተኛ» ብለው ሰደቧት። ያኔ ነው ስቅስቅ ብላ ያለቀሰችው።