የማናየሽን ዶሮ ማን አረደው

ማናየሽ ከሰው ጋር ስትጣላ አትጮህም፤ ትማታለች። ቆሰበር ገበያ ድንች ስትሸጥ ሚዛን ሊያጭበረብራት የሞከረን ነጋዴ በራሱ የሚዛን ድንጋይ ግንባሩን ፈንክታዋለች። ከዚያም በፊት ገና ልጃገረድ ሳለች፣ ከግምጃ ቤት ገበያ ስትመለስ ሊጠልፋት የመጣውን ጎረምሳ ጆሮውን በጥርሷ ቆርጣ አስቀርታለች። ጎረምሳው ጆሮውን ፍለጋ ሣር ለሣር ሲዳብስ እሷ ቤቷ ደርሳ እግሯን ታጥባ ነበር ይባላል። እውነት ይሁን ጨዋታ እንጃ፤ ሰውየው ግን እስኪሞት ድረስ በጋም ሆነ ክረምት ሻሹን ከራሱ አላወረደም። ደጉ የተባለው ባሏ ይህን ስለሰማ ሽማግሌ ልኮ፣ ደጅ ጠንቶ አገባት። ብልህ ሰው ነበር።

ደጉን የገዛ ፈረሱ ደረቱን ረግጦ ገደለው። ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትቶላት ሄደ፤ ልጆቹም ገና ቢላ የሚጨብጡ አልነበሩም። በዚያ አገር ደግሞ ሴት ዶሮ አታርድም። በበዓል ዋዜማ ወንድ የሌለበት ቤት ጎረቤት ይለምናል፤ የተለመነውም ይመጣና ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ በስመ አብ ብሎ ያርዳል። ለማናየሽ ሲያርድላት የኖረው በአጥር የሚዋሰናት ሀብቱ ነው። እሷም በፋሲካ ጧት ጠርታ፣ የአባወራው ድርሻ የሆነችውን ፈረሰኛ ከወጡ መርጣ ታጎርሰዋለች። ሰፈሩ ይህን አይቶ አንዳንድ ነገር ማውራቱ አልቀረም፤ ነገር ግን ጆሮውን የሚወድ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው። በሁለቱ መካከል ከጉርብትና በቀር ምንም አልነበረም።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። የመጀመሪያ ልጇን ከእርሻ ላይ አፍሰው ወደ ሰሜን ወሰዱት፤ ወሬው ጠፋ። ሁለተኛውን፣ ቢያድግልኝን፣ ሊያፍሱት ሲሉ እሷ ቀደመቻቸውና ከሰፈሩ በላይ ካለው የቀርከሃ ጫካ ደበቀችው። አገር ማገዶ ለቀማ የምትሄድ ሲመስለው እሷ በጉያዋ ቆሎና ዳቦ ይዛ ልጇ ዘንድ ትወጣለች። ሚሊሾች ሲጠይቋት «ጫግኒ ወርዶ ለሰው ያርሳል» አለች። ዓይኗን ሳታርገበግብ ስለምትዋሽ አመኗት።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ፋሲካ ግን ልቧ አልቻለም። አንዱ ልጇ ይሙት ይኑር አታውቅ፤ ሌላው ጫካ ለጫካ። ቢያንስ ይህን አንድ በዓል ልጇ በአባቱ ቤት፣ በአባቱ ወንበር ተቀምጦ ይፈስክ ብላ ቆረጠች። በስቅለት ቀን አገሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ፣ እሷ ወገቤን አመመኝ ብላ ቀደም ብላ ወጣች። ቢያድግልኝም የቀርከሃ ሸክም ተሸክሞ፣ ፊቱን በሸክሙ ከልሎ፣ ሰው በሌለበት ሰፈር አልፎ ቤቱ ገባ። ማንም አላየውም። ጫማውን ከጎተራው ሥር ደበቀችው፤ ልጇን ውዴንም «ትንፍሽ ብትዪ ምላስሽን ነው የምቆርጠው» አለቻት። ሁሉንም ነገር አስባ ነበር፤ ዶሮውን ብቻ አላሰበችበትም።

በቅዳም ሹር ከሰዓት በኋላ ሀብቱ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ቢላውን በድንጋይ ሲስል ዋለ። ጥሪ እየጠበቀ ነበር። ማናየሽ እንስራዋን አዝላ በደጁ ስታልፍ ቀና ብሎ አያት።

«ማናየሽ፣ ዘንድሮ ዶሮው ዘገየ?»

«ዘንድሮ ዶሮ የለም፤ ሽሮ ነው የምፈስክ» አለችና አለፈች።

ሀብቱ አዘነላት። ሚስቱን ከእኛው ወጥ በሳህን አድርገሽ ትወስጂላታለሽ አላት። ጥቂት ቆይቶ ግን ከአጥሩ ወዲያ የአውራ ዶሮ ጩኸት ሰማ፤ ጩኸቱም እንደሚያውቀው አድርጎ ቀጥ አለ። ኋላም የሽንኩርቱና የበርበሬው ሽታ መጣ። መጀመሪያ የተሰማው ቅሬታ ነው፤ እኔን ትታ ማንን አሳረደች ብሎ። ከዚያ ለካ የሚያርድ ወንድ ገብቷል ብሎ አሰበና ቢላውን አስቀመጠው።

ሀብቱ ሚሊሻ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ኮታ አንድ ሰው ጎድሎበታል፤ ካድሬው ከበዓሉ በኋላ ካልሞላ ከሚሊሾቹ ልጆች እወስዳለሁ ብሎ ነበር። ሀብቱ ደግሞ ያለው አንድ ወንድ ልጅ ነው። ክፉ ሰው ነው ብዬ ብገላገል ደስ ባለኝ፤ አልነበረም። ማናየሽም እንደ ወትሮዋ ጠርታ ብታሳርደው፣ ልጇን ለዚያች ጥቂት ጊዜ ጓዳ ብታስቀምጠው፣ ማንም ምንም ባልጠረጠረ። ልጄ ይረድልኝ አለች፤ በቃ ይኸው ነው ጥፋቷ።

ጎህ ሲቀድ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ቢያድግልኝ በአባቱ ወንበር ተቀምጦ ነበር። እናቱ ፈረሰኛዋን ጠቅልላ አጎረሰችው። ገና እያላመጠ ሳለ ውሻው ጮኸ፤ ወዲያው የሰደፍ ምት ተሰማና ዝም አለ። ሦስት ሚሊሾች በሩን ገነጠሉት። ፊት የገባው ምንሽሩን ያነገተው ሀብቱ ነው።

«ማናየሽ፣ ልጁን ስጪን» አለ። ዓይኗን ማየት አልቻለም። «ኮታው አንድ ጎድሏል።»

«የእኔ ሆድ ነው የኮታ ጎተራችሁ? አንዱን ሰጠሁ አይደል?»

«ካልሞላ የእኔን ነው የሚወስዱት።»

«እንግዲያ የራስህን ስጥ» አለችና ከምድጃው ላይ የሚንተከተከውን ድስት በሁለት እጇ አንስታ ፊቱ ላይ ደፋችበት።

የሀብቱ ጩኸት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ተሰማ ይላሉ። ቅቤውና በርበሬው ዓይኑ ውስጥ ገብቶ መሬት ለመሬት ይንከባለል ጀመር። ቢያድግልኝ በጋጣው በኩል ግድግዳውን በእግሩ ጥሶ ወጣ። ሁለተኛው ሚሊሻ ሊከተለው ሲል ማናየሽ ዘነዘናውን አንስታ ክንዱን መታችው፤ አጥንቱ ሲሰበር ውዴ እንኳ በጓዳ ሆና ሰምታዋለች። ሦስተኛው በሰደፍ አፏን አላት። ወደቀች፤ ተነሣች፤ ደገማት። ደሟ በቄጤማው ላይ ፈሰሰ፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿም እዚያው ቀሩ። ውዴ የሰውየውን እግር ነክሳ ስትይዝ በእርግጫ ጥግ ላይ ወረወራት።

ማናየሽን የፊጥኝ አስረው እየጎተቱ ወሰዷት። ሰዉ ነጭ ለብሶ፣ ዳቦ ይዞ ዘመድ ጥየቃ ይወጣ ነበር። አንድም ሰው አልተናገረም። እሷ ብቻ ደም እየተፋች፣ ያየችውን ሁሉ «እንኳን አደረሳችሁ» ትል ነበር። ይህን ስትል የሰሙ ሰዎች ለብዙ ዘመን ሰላምታው አፋቸው ላይ ይከብዳቸው ነበር።

በማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ገለበጧትና የውስጥ እግሯን ገረፏት። ካድሬው «ልጅሽ እስኪመጣ ነው» አለ። እሷም ልጄ የት እንዳለ ባውቅም ለአንተ አልነግርህም ብላ ተፋችበት፤ እንደገና ገረፏት። ውዴ ምግብ ይዛ ስትመጣ፣ ካድሬው የሌላ አገር ሰው ነውና፣ በአገውኛ አነጋገረቻት።

«ለወንድምሽ ንገሪው፤ እኔ ደህና ነኝ። ከመጣ ግን ልጄ አይደለም።»

ውዴ ልጅ ናት። ጫካ ወጥታ መልእክቱን እንዳለ ነገረችው፤ ነገር ግን እያለቀሰች ነገረችው። የእናቱ እግር እንዳበጠ፣ ጥርሷ እንደረገፈ፣ ውኃ ስትጠጣ እንኳ እንደሚፈስሳት ጨምራ ነገረችው።

በፋሲካው ሳምንት፣ የምልምሎቹ መኪና ወደ ዳንግላ ሊሄድ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ቢያድግልኝ በዋናው መንገድ መሐል እጁን ወደ ላይ አድርጎ መጣ። «እናቴን ፍቱ» አለ። ካድሬው ሳቀና ገመዷ እንዲፈታ አዘዘ። ማናየሽ ግድግዳ እየደገፈች ከመጋዘኑ ወጣች፤ በፀሐዩ ዓይኗ ጥቂት ጭፍን አለ፤ ከዚያ ልጇን አየችው። ለእሱ ብላ የሰው ፊት አቃጥላለች፣ የሰው አጥንት ሰብራለች፣ ጥርሷን አጥታለች፤ እሱ በገዛ እግሩ መጥቶ ቆሟል።

አገር ልታቅፈው ነው ብሎ ጠበቀ። ቀረበችና ባላት አቅም ሁሉ በጥፊ መታችው። ልጇን ከዚያ በፊት መትታው አታውቅም ነበር።

«ማን ና አለህ?»

ቢያድግልኝ ጉንጩን አልዳሰሰም። «እማ፣ አጥንትሽን እየሰበሩት እንዴት ልቀመጥ?» አላት።

ሚሊሾቹ ከኋላው ገፍተው መኪናው ላይ ጫኑት፤ እሱም ከምልምሎቹ መካከል ሆኖ አያት፤ አምስት ጣቷ በጉንጩ ላይ ቀልቶ ይታይ ነበር።

መንግሥቱ ወድቆ የተረፉት ሲመለሱ ቢያድግልኝ አልነበረበትም። ወንድሙም አልነበረበትም። ሀብቱ አንድ ዓይኑን አጥቶ፣ ልጁን ይዞ ከአጥሩ ወዲያ ኖረ። ማናየሽ በሀብቱ ላይ ባደረገችው አልተጸጸተችም፤ ዛሬም ቢመጣ እደፋበታለሁ ትላለች። ስለ ጥፊው ግን አትናገርም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልቅሶ ቤት እናቶች ልጆቻቸውን እንዴት እንደሸኙ ሲጫወቱ፣ እሷም ተናገረች።

«ከጥፊው በኋላ ልስመው ነበር» አለች። «መኪናው አልጠበቀኝም።»