ግራ ጎኑን የታመመው ቀበሌ

እኔ የካንሰር መዝጋቢ ነኝ። ከሰቆጣ እየተነሳሁ በየገጠሩ እዞራለሁ፤ ሕመሙ ያለበትንም የሚጠረጠርበትንም በቅጽ እሞላለሁ። የተጠረጠረው ለምርመራ ይላካል፣ መረጃው አዲስ አበባ ይሄዳል። ሥራው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም።

ፃግብጂ ወረዳ ወደ አንድ ቀበሌ በሄድኩበት እሑድ፣ ሰዉ ከቅዳሴ ሲወጣ እንዲያስታውቁልኝ የቀበሌውን ሊቀመንበር ለመንኳቸው። እሳቸውም ከደጀ ሰላሙ ቆመው «የነቀርሳ ምዝገባ አለ! ሰኞ ጠዋት ጤና ኬላው ጋ እንድትገኙ!» አሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ «ምዝገባ» የሚለውን ቃል ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። በእኛ አገር ምዝገባ ከተባለ የእርዳታ ስንዴ ነው። ከፊቱ ምን እንደተባለ የሚያዳምጥ የለም።

ሰኞ ስደርስ ሰዉ ጆንያውን አጣጥፎ፣ በብብቱ ሸጉጦ ተሰልፏል።

«ለስድስት ቤተሰብ ስንት ነቀርሳ ይደርሳል?» አሉኝ ከፊት የቆሙት አዛውንት።

«አባቴ፣ ነቀርሳ በሽታ ነው! ስንዴ የለም!»

«ዘይትስ?»

ተቆጣሁ፣ ጮህኩ፤ የተነቃነቀ ሰው የለም። እንዲያውም የለም ማለቴ መኖሩን አረጋገጠላቸው። አዛውንቱ ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው እኔም ታምሜአለሁ፤ ግራ ጎኔን ይወጋኛል» አሉ። ጻፍኩ። እሳቸውም ወደ ሰልፉ ዞረው በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጥኛ «ግራ ስትሉት ነው የሚጽፈው፣ ግራ በሉ!» አሉ። ከከተማ የመጣ ሁሉ ኽምጥኛ የማይሰማ ይመስላቸዋል እንጂ እኔ አፌን የፈታሁት በእሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ግራ ሆነ። ግራ ጎን፣ ግራ ጉልበት፣ አንዱማ ግራ ጆሮ። እኔም እልህ ይዞኝ «አስተያየት» በሚለው ቦታ ላይ ለሁሉም «ስንዴ ፈላጊ» እያልኩ እሞላ ጀመር።

ልጆቻቸው ሁሉ ሳዑዲ የሄዱባቸው አንዲት ባልቴት ተራቸው ደረሰ። «ጡቴ ላይ እብጠት አለ» አሉ እየሳቁ። ከኋላ ያሉትም አብረው ሳቁ። «ስንዴ» ብዬ ጽፌ «ፈላጊ» የሚለው ቀርቶኛል።

«በግራ ነዋ!» አልኳቸው።

«በቀኝ።»

እጄ ቆመ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ጆንያቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይዘውታል፤ በቀኝ በኩል።

ጎንበስ ብዬ በኽምጥኛ «ከመቼ ጀምሮ ነው እትየ?» አልኳቸው።

ሳቃቸውን ተዉት። «ከአምና ፍልሰታ። ለብቻዬ ብመጣ ሰው ምን ሆነች ይላል። ዛሬ ግን አገሩ ሁሉ ታሟል።»

አፈርኩ። በጣም አፈርኩ። የጻፍኩትን ሰርዤ የኬላውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠራኋት። ወደ ውስጥ አስገብታ አየቻቸውና ስትወጣ ፊቷ ተለውጧል። የሪፈር ወረቀት ጽፈን በእጃቸው ሰጠናቸው።

ሰልፉ ወረቀቱን ሲያይ ተናወጠ። «ኩፖን ሰጣት! ለእሷ ብቻ ለምን?»

አዛውንቱ ግን በቁጭት ራሳቸውን እየነቀነቁ «ቀኝ ነበር ለካ!» አሉ። ሰልፉ በሙሉ ቀኝ ጎኑን ያዘ።

ከወራት በኋላ እኒያን ባልቴት ሰቆጣ መናኸሪያ አገኘኋቸው። ደሴ ታክመው፣ ልብሳቸው በቀኝ በኩል ደረታቸው ላይ ለጠፍ ብሎ፣ ከስተው ግን በእግራቸው ቆመው። እንባዬ መጣ። እሳቸው ጉንጬን ስመው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ስንዴው ሲመጣ መጀመሪያ እኔን ጥራ። ከዚያ ሁሉ ሰው እውነቱን የነገርኩህ እኔ ብቻ ነኝ።»