የእሑዱ ልብ ወለድ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከሁምቦ ወደ ሶዶ በተዛወርኩበት ዓመት፣ በቤተ ክርስቲያናችን ሕፃናት እያስተማርኩ፣ በመጽሐፍ ቅዱሴ ባለዚፕ ሽፋን ውስጥ ልብ ወለድ ደብቄ ስብከት ላይ አነብ ነበር። ታሪኩ የዶርም ጓደኛዋ ልብሷንም አነጋገሯንም ስለምትቀዳባት ልጅ ነው። እሱን ከጀመርኩ ወዲህ ሰው ሁሉ ያጠራጥረኝ ጀመር። በተለይ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ባለቤት እትዬ ማርታ፣ ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ ሁልጊዜ እኔኑ ተጠግተው ይቀመጣሉ። ለባለቤታቸው ቢነግሩ ከአገልግሎት እታገዳለሁ።

አንድ እሑድ ልጅቷ በሩን ቆልፋ ጓደኛዋ ከውጭ ስታንኳኳ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ስብከቱ አለቀ። በሚቀጥለው እሑድ አሞኝ ቀረሁ። ሰኞ ጠዋት እትዬ ማርታ በሬን አንኳኩ።

“ቲቸር፣ ምነው ትላንት ቀረሽ?”

“አሞኝ ነው፣ እትዬ።”

“እግዚአብሔር ይማርሽ።” ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ያቺ ልጅ ለጓደኛዋ በሩን ከፈተችላት እንዴ?”