የማይነገር የእንጉዳይ ቦታ

በዚያች ትንሽ የቼክ ከተማ ሰው በሩን ሳይቆልፍ ያድራል፤ እንጉዳይ የሚለቅምበትን ቦታ ግን ለገዛ ልጁም አይናገርም። ድራሆሚራም የእሷን ለማንም ተናግራ አታውቅም። እናቷ እንኳ የነገረቻት እግሯ ደን መውጣት ካቃተው በኋላ ነበር። ቦታው ከድሮው ወፍጮ በታች፣ ሰባት ጥዶች የቆሙበት ረባዳ ነው። ድራሆሚራ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠላሳ ዓመት ድንች ልጣለች። ባሏ ሞቷል፣ ቤቱም የኪራይ ነው። የእኔ የምትለው ያንን ረባዳ ብቻ ነበር።

ከከተማዋ አሮጌ በር ተነስቶ፣ ደኑን ዞሮ፣ እዚያው በር የሚመልስ የእግር መንገድ አለ። መንገደኛውን የሚመራው በየዛፉ የተቀባ ቀይ ምልክት ነው። ምልክቱን የሚያድሰው ቭላስቲሚል የሚባል ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። መስከረም ላይ ድራሆሚራ ቅርጫቷን በጨርቅ ሸፍና ስትወጣ፣ ምልክቱ እንደ ድሮው ወንዙን መሻገሩን ትቶ፣ ከድልድዩ ታጥፎ ወደ ወፍጮው ሲያመራ አየች።

«ተከትሎኛል» አለች በሆዷ። ፖስተኛ የነበረ ሰው፣ ማን የት እንደሚሄድ ማወቅ ሥራው ነው።

ወፍጮው ዘንድ ቀለሙን ሲያማስል አገኘችው። አጠገቡ የተሸፈነ ቅርጫት ተቀምጧል።

«ጋሽ ቭላስቲሚል፣ መንገዱን ማን እጠፍ አለዎት?»

«ድልድዩ በስብሶ ወደቀ። ሰው በወንዙ ይዋኝ እንዴ?»

«ቅርጫቱስ?»

«የእርስዎስ?»

«ባዶ ነው።»

«ባዶ ቅርጫት ብርድ እንዳይመታው ሸፈኑት?» ብሎ ሳቀና የራሱን ገለጠው። ብሩሽና ዳቦ ነበር።

ድራሆሚራ አላመነችም። ከዳቦው ሥር ምን እንዳለ ማን ያውቃል?

«ይስሙኝ» አላት። «እኔን እንጉዳይ ሆዴን እንደሚያመኝ ከተማው ሁሉ ያውቃል። የእርስዎ ቦታ እዚህ አካባቢ ከሆነ ይንገሩኝ። መንገዱን ከወፍጮው በላይም በታችም ማሳለፍ እችላለሁ፤ ገና አልቀባሁም።»

እሱን ሆዱን ቢያመው፣ አብራው የምትኖረውን እህቱንም ያማታል? ድራሆሚራ ወዲያ ወዲህ አየች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከላይ ነው፤ ነጫጮቹ ዛፎች ዘንድ። ለሰው ቢናገሩ ግን!» አለችው።

«በእናቴ አፅም!» አለ ቭላስቲሚል።

ሸወድኩት ብላ ወደ ቤቷ ወረደች። ዱካዋን የሚያይ እንዳይኖር ሳምንት ሙሉ ደኑን አልረገጠችም።

በሚቀጥለው እሁድ ስትሄድ ነጫጮቹ ዛፎች ዘንድ ማንም የለም። የሰው ድምፅ የሚሰማው ከታች ነበር። ወደ ረባዳው ወረደች። ቀዩ ምልክት ጥዶቿ ላይ ነበር፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው፣ ቢላ መዝዘው፣ ሣሩን ይፈትሻሉ።

ቭላስቲሚል ብሩሹን ይዞ ወደ እሷ መጣ። «እንዳሉኝ አደረግኩ፤ በታች አሳለፍኩት። ላይ ዝር የሚል የለም!»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ሌላ ምን ትበል?

አንዲት የማታውቃት ወጣት ሴት ትልቅ ቡናማ እንጉዳይ ይዛ ተጠጋቻት። «እማማ፣ ይሄ ይበላል?»

«መርዝ ነው። ጣይው» አለቻት ድራሆሚራ።

ሴትዮዋ እንጉዳዩን አየች፤ ድራሆሚራንም አየች። ፈገግ አለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።